የመጀመሪያዋ «አንተ»

ጸሐፊዋ የሰው ጽሑፍ ስትተይብ አታነብም። ይህን ስትናገር ቀልድ ይመስላል እንጂ እውነቷን ነው። ከገበያው ማዶ ባለችው ጠባብ ፎቶ ኮፒ ቤት ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ቁጭ ብላ አቤቱታ፣ ማመልከቻ፣ የኪራይ ውልና የመመረቂያ ጽሑፍ ስትተይብ ዐይኗ ወረቀቱ ላይ፣ ጣቷ ፊደሉ ላይ፣ ሐሳቧ ደግሞ ሌላ ቦታ ነው። አንዴ የጎረቤቷን የፍቺ አቤቱታ ከራስጌ እስከ ግርጌ ተይባ፣ አትማ፣ በስቴፕለር መትታ ካስረከበች በኋላ «ባለቤትሽ እንዴት ነው? ሰላም በይልኝ» ብላ የሸኘች ሴት ናት። ጎረቤቷ እስከ ዛሬ ያኮረፈቻት በዚህ ነው።

ስለዚህ ጋሽ አራት ነጥብ የአዲሱን ቴአትራቸውን የመጀመሪያ ገቢር በእጅ ጽፈው «ልጄ፣ እስከ ቅዳሜ አድርሺልኝ» ሲሏት እንደ ማንኛውም ወረቀት ነበር የተቀበለቻቸው። ጋሽ አራት ነጥብ ጡረታ የወጡ የቋንቋ መምህር ናቸው። ዐረፍተ ነገሩን በአራት ነጥብ ያልዘጋ ተማሪ ከክፍል ያስወጡ ስለነበር ይህን ስም ያወጡላቸው ተማሪዎቻቸው ናቸው፤ አሁን የሚያስወጡት ተማሪ ስለሌላቸው የሠፈሩን የቴአትር ቡድን ይመራሉ። ድርሰቱ ስለ አዲስ ሙሽሮች የሚያወራ የፍቅር ኮሜዲ ነበር። ሙሽሪትን የጤና ጣቢያዋ ነርስ ትጫወታለች። ሙሽራው ደግሞ ሠፈሩ «ምላጩ» የሚለው ፀጉር አስተካካይ ነው፤ ከመቀሱ ይልቅ አፉ የሚፈጥን፣ ደንበኛ ተላጭቶ ካበቃ በኋላ እንኳ ወሬው እስኪያልቅ ወንበሩ ላይ የሚያስቀር ሰው። ምላጩ የጸሐፊዋ ባል ነው።

አራተኛው ገጽ ላይ ጣቶቿ ቀጥ አሉ።

ሙሽሪት፦ ምሳ ይበላል?
ሙሽራው፦ ማን ነው የሚበላው?
ሙሽሪት፦ (አንገቷን ደፍታ) የሚበላው ሰው።

በዘጠኝ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ አነበበች። ከዚያ ደግማ አነበበች። ጆሮዋ ሥር ሞቃት።

ንግግሩ የራሷ ነው። ምላጩ የታላቅ ወንድሟ ጓደኛ ነበር፤ በዐሥራ አንድ ዓመት ይበልጣታል፤ «ጋሼ» እያለች፣ በ«እርስዎ» እያናገረችው ነው ያደገችው። ኋላ ነገሩ ተገለባብጦ ሲጋቡ፣ ሰውዬው በሠርጋቸው ማግስት አንድ ነገር ብቻ ለመናት፤ «በናትሽ እርስዎ አትበይኝ፣ ያስረጀኛል፤ አንተ በይኝ።» ልትለው ፈልጋ ነበር፤ አፏ እንቢ አላት። «እርስዎ» ተከልክላለች፣ «አንተ» ደግሞ ጉሮሮዋ ላይ እየደረሰ ይመለሳል። ታዲያ ምን ታድርግ? ባለቤት እያላት ባለቤት በሌለው ዐረፍተ ነገር መኖር ጀመረች። «ምሳ ይበላል?» «በሩ ይዘጋ?» «ዛሬ ወደ ሥራ አይኬድም?» እሱም ግራ ቀኙን እያየ «ማን ነው የሚበላው? እንግዳ አለብን እንዴ?» ይላታል። ሰባት ወር ሙሉ እንዲህ ኖሩ።

ያን ዕለት ማምሻውን እቤት እንደገባች ወረቀቱን አፍንጫው ሥር ደቀነችለት።

«አንተ ሰውዬ፣ ጉድ ሠራኸኝ!»

«ቆይ፣ ቆይ። ስም አለበት?»

«የለበትም።»

«ታዲያ ማን ያውቃል? ጋሼ ጢማቸውን ስላጫቸው ‹አዲስ ሙሽራ ምን ብሎ ያስቃል?› አሉኝ። እኔ ምላጭ ይዤ ዝም ማለት እንደማልችል ታውቂያለሽ።»

«ሌላስ ምን ለፈለፍክላቸው?»

«ሌላማ ምን አለ ብለሽ?» አላትና የእሷን አንገት አደፋፍ አስመስሎ «እራት ይቀርባል?» አለ።

ሳቀች። ሆዷን ይዛ ሳቀች። እንዲያውም ደስ ብሏት ነበር፤ ይህን መሸፋፈን አያስፈልግም። ቅዳሜ ልምምድ ላይ ነርሷ «በሩ ይዘጋ?» ስትል ያ ሁሉ ሰው በሳቅ ሲፈርስ፣ ጸሐፊዋ ጥግ ላይ ቆማ «የኔ ናት፣ ያቺ እኔ ነኝ» ማለት ቃጥቷት ነበር። ያኔ አኩርፋ ቢሆን ኖሮ ምናልባት ነገሩ እዚያው ይቆም ነበር። ግን በምን ታውቅ?

ምላጩ ወሬ አያልቅበትም እንጂ የተጻፈ ቃል አይዝም። ሁለት ዐረፍተ ነገር ከተናገረ ሦስተኛው ይጠፋዋል፤ ሲጠፋው የራሱን ይፈጥራል፤ ጋሽ አራት ነጥብ ደግሞ የተፈጠረ ቃል ሲሰሙ ራሳቸውን ያማቸዋል። ስለዚህ አስታዋሽ አስፈለገ። ጽሑፉን ከጸሐፊዋ በላይ የሚያውቅ የለም ተባለና ከመጋረጃው በስተግራ በርጩማ ተሰጣት። ከዚያ ሆና የጠፋውን ቃል በሹክሹክታ ታቀብላለች። ሰኞና ቅዳሜ አትቀርም። ሐሙስ ግን የትምህርት ቤቶች የፈተና ወረቀት የሚባዛበት ቀን ስለሆነ ከሱቋ መውጣት አትችልም፤ ሐሙስ ሐሙስ ያለ እሷ ይለማመዱ ነበር።

ሦስተኛው ገቢር ከወር በኋላ መጣ። አሁን እያነበበች ነው የምትተይበው፤ ቀጥሎ የትኛው ጉዷ ይወጣ ይሆን እያለች፣ ለብቻዋ ፈገግ እያለች።

ሙሽሪት አይጥ ታያለች። ወንበር ላይ ዘላ ትወጣለች።
ሙሽሪት፦ (በጩኸት) አንተ!
ሙሽራው፦ ማን?
ሙሽሪት፦ አንተ! አንተ! አንተ!
(ተመልካቹ እዚህ ላይ በጣም ይስቃል።)

ጸሐፊዋ ከወንበሯ ተነሳች። ሁለት ደንበኞች ቆመው እየጠበቋት፣ ምንም ሳትላቸው በጓሮ በኩል ወጥታ ግድግዳ ተደግፋ ቆመች።

የመጀመሪያዋ «አንተ» በአይጥ አልመጣችም። በሰባተኛው ወር፣ አንድ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ ምላጩ ምሳውን በልቶ ወደ ሥራው ሊመለስ ጫማውን ሲያስር፣ እሷ መታጠቢያ ቤቱ ወለል ላይ ተቀምጣ ነበር። ሦስት ወሯ ነበር። ለሰው ገና አልተነገረም፤ ለእናቷም፣ ለወንድሟም። ደሙ አልቆም አላት። ሲሚንቶው ይቀዘቅዛል፤ እጇ በሩን ለመክፈት አይደርስም። የውጭው በር ሲከፈት ሰማች። ሊሄድ ነው። ያኔ «ይመጣል?» «ይገባል?» የሚባልበት ጊዜ አልነበረም። «አንተ!» አለች። «አንተ፣ አትሂድ!» አንዱን ጫማ አጥልቆ ሌላውን በእጁ ይዞ መጣ። ደሙ ላይ፣ ከጎኗ ቁጭ አለ። «አለሁ» አላት። «አለሁ፣ የኔ እናት፣ አለሁ።»

ሐኪሙ «ልጆች ናችሁ፣ ሌላ ትወልዳላችሁ» አላቸው። ሌላ አልመጣም። ከዚያች ቀን ጀምሮ «አንተ» ትለዋለች። ሴት ሁሉ ባሏን «አንተ» ይላል፤ ቃሉ ርካሽ ነው፤ መንገድ ላይ ለማያውቁት ሰውም ይባላል። በእነሱ ቤት ግን ከዚያ ልጅ የቀረው ይህ ቃል ብቻ ነው። ስም አልወጣለት፣ ፎቶ የለው፣ መቃብር የለው። ባሏን በጠራችው ቁጥር፣ ሳታስበውም ቢሆን፣ ያንን ትነካለች። ይህን ሁለት ሰው ብቻ ነው የሚያውቀው።

ሱቋን በጊዜ ዘግታ ወደ ፀጉር ቤቱ ሄደች። ምላጩ ብቻውን ነበር፤ ወለሉ ላይ የተከመረውን ፀጉር እየጠረገ ያፏጫል። ወረቀቱን ሰጠችው። ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ አነበበ።

«አሃ፣ አይጧ!» ብሎ ሳቀ። ከዚያ ፊቷን አየና ሳቁን ዋጠው።

«ነገርካቸው?»

«ያኛውን? ኧረ ባክሽ! ምላሴ ይቆረጥ! አንዲት ቃል አልተነፈስኩም። ጋሼ ‹ታዲያ መጨረሻ ላይ እንዴት አንተ አለችህ?› ሲሉኝ ምን ልበላቸው? አይጥ አየች አልኳቸው። ላንቺው ብዬ እኮ ነው የደበቅኩት!»

«ልጄን አይጥ አደረግከው።»

ምላጩ መጥረጊያውን እንደያዘ የደንበኛ ወንበር ላይ ቁጭ አለ። መስታወቱ ሁለቱንም ያሳያል፤ ሁለቱም ወደ መስታወቱ አላዩም።

«አላሰብኩትም» አለ። «እውነቴን ነው። እንደዚያ ብዬ አላሰብኩትም።»

«ይውጣ።»

«ይወጣል።»

«ለጋሼ አንተ ነህ የምትነግራቸው። ለምን ካሉህ ምክንያት ፍጠር፤ መፍጠር እንደሆነ ታውቅበታለህ።»

«ነገ እነግራቸዋለሁ። ይወጣል አልኩሽ፣ በቃ።»

በማግስቱ «ነገርኳቸው፤ እሺ ብለዋል፤ አንቺው አስተካክለሽ ተይቢው ብለዋል» አላት። እሷም ተየበችው። በአይጧ ፈንታ ሙሽራው ወደ ሥራ ሲወጣ ሙሽሪት ከኋላው «አንተ፣ ጃንጥላህን ረሳህ» ትለዋለች። የማያስቅ፣ የማያስለቅስ፣ ማንንም የማይነካ ነገር። አራት ነጥቡን አስተካክላ አስቀመጠችለት።

ከዚያ በኋላ ምላጩ እንደ እጮኛ ሆነ። ማታ ማታ ሱቋ ድረስ መጥቶ ይወስዳታል፣ ቦርሳዋን ይይዝላታል፣ ሳትጠይቀው ዕቃ ያጥባል። ጸጸት መሰላት። ሰው ሲያጠፋ እንዲህ ነው እንጂ ብላ አንጀቷ ራሰ፤ ቂም መያዝ እሷም አይሆንላትም። ሰኞና ቅዳሜ ልምምድ ላይ ጃንጥላዋ ጋ ሲደርሱ ጋሽ አራት ነጥብ «ይቺ ቀላል ናት፣ እንለፋት» ይላሉ። ነርሷ ታቀረቅራለች። ጸሐፊዋ ገጹን ገልብጣ ታልፋለች።

ቴአትሩ የታየው እሑድ ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። አዳራሹ ጢም ብሏል። የፕላስቲክ ወንበር ስላልበቃ ከጤና ጣቢያው የተራ መጠበቂያ አግዳሚ ሳይቀር ተሸክመው አመጡ። የምላጩ ደንበኞች ፀጉራቸውን ተቆርጠው፣ የነርሷ ሕመምተኞች ሕመማቸውን ረስተው ተቀምጠዋል። የጸሐፊዋ ወንድምም ከነሚስቱ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ነበር፤ ጓደኛውን ገና ሲያየው መሳቅ ጀምሯል።

ሁለቱ ገቢሮች እንደ ውሃ ፈሰሱ። ጸሐፊዋ በርጩማዋ ላይ ሆና ለምላጩ ዐሥራ አራት ጊዜ ቃል አቀበለች፤ ዐሥራ አራቱንም ጊዜ ከአፏ እየነጠቀ የራሱ አስመስሎ ተናገረ። ላቡን ሊጠርግ ወደ ጥግ በመጣ ቁጥር በመጋረጃው ክፍተት ዐይኑን ጠቀሰላት። ኮራችበት። በዕድሜው ሁሉ እንደዚያን ቀን አምሮበት አያውቅም።

ሦስተኛው ገቢር ሲጀመር መጀመሪያ ያየችው ጃንጥላዋ አለመኖሯን ነው። የረሷት መስሏት ልትፈልግ ብድግ አለች። ያኔ ከአልጋው ሥር ከግራጫ ጨርቅ የተሰፋች አይጥ በክር እየተጎተተች ወጣች።

አዳራሹ ጮኸ። ጸሐፊዋ እንደቆመች ቀረች። ሐሙስ። ሐሙስ ሐሙስ። «ይቺ ቀላል ናት፣ እንለፋት።» የነርሷ ማቀርቀር፣ ቦርሳ መያዙ፣ ዕቃ ማጠቡ፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ ተገለጠላት። ጸጸት አልነበረም፤ መደለያ ነበር።

ነርሷ ወንበር ላይ ዘላ ወጣች። ከዚያ ከፍታ ላይ ሆና ያንን ሁሉ ሰው አንድ ላይ አየችና አፏን እንደከፈተች ደረቀች። ቃሉ ጠፋት። አዳራሹ ይጠብቃል። አንድ ሰው ሳለ። ምላጩ ፈገግታው ፊቱ ላይ ተጣብቆ ቀርቶ፣ አይጧን የሸሸ አስመስሎ ወደ ኋላ ወደ ኋላ እያለ መጋረጃው ድረስ መጣ። ፊቱን ሳያዞር በጥርሱ መሐል አንሾካሾከ።

«አስታውሺያት!»

ጸሐፊዋ ወረቀቷን አየች። ወረቀቷ ላይ ያለው «ጃንጥላህን ረሳህ» ነው።

«ቃሏን ስጫት! ምን ነካሽ፣ ቶሎ በይ እንጂ!»

ዝም ልትል ትችል ነበር። ብዙ ሴት ዝም ይል ነበር፤ እዚያው እንደቆመ ላቡ እስኪያልቅ ይቅለጥ ብሎ። እሷ ግን አፏን ከፈተች። ቃል ለማቀበል አልነበረም፤ እሱን ለመጥራት ነበር።

«አንተ!» አለች።

ሹክሹክታ አልነበረም። ያቺው የመታጠቢያ ቤቱ ድምፅ ናት፤ በዚያው ከፍታ፣ እንደዚያው ተሰንጥቃ ወጣች። ምላጩ ዞረ። በመጋረጃው ክፍተት ዐይን ለዐይን ተያዩ፤ ከፊቱ ላይ ያ ሙሽራ ወርዶ ባሏ ብቻ ቀረ። ገባው። እንደገባው አይታለች፤ ኋላ አንድ ሺህ ጊዜ «አልገባኝም ነበር» ቢላት አታምነውም። አፉ ተንቀሳቀሰ። «አለሁ» ሊል ነው ብላ አሰበች። ቢላት ኖሮ፣ እዚያው ላይ፣ ሁሉንም ትምረው ነበር።

ከኋላ ረድፍ አንዱ «መጋረጃዋ ተናገረች!» አለ። ሳቅ ተነሳ። ምላጩ ጆሮው ወደ ሳቁ ሄደ፤ ጆሮውን አንገቱ ተከተለው፣ አንገቱን ትከሻው። ጀርባውን ሰጣት። ሁለት እጁን ዘርግቶ ግራ ቀኙን አየ።

«ማን?» አለ።

አዳራሹ ተናጋ። አግዳሚ የተገለበጠባቸውም ነበሩ። ወንድሟ በሚስቱ ትከሻ ላይ ተደፍቶ እንባውን ሲጠርግ በክፍተቱ ታየዋለች። ነርሷም በሳቁ ነፍስ ዘራችና «አንተ! አንተ! አንተ!» እያለች ወንበሩ ላይ ዘለለች፤ መጋረጃው ተዘጋ፤ ጭብጨባው አልቆም አለ።

ጋሽ አራት ነጥብ መጀመሪያ የመጡት ወደ እሷ ነው። ግንባሯን ሳሟት።

«ልጄ፣ አዳንሽን! እንዲያውም በዚሁ ትጽና፤ የሚቀጥለው እሑድም ልክ እንዲሁ ከመጋረጃ ጀርባ በይልን።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «አልተቀየምሽም አይደል? ባለቤትሽ ‹ድንገት ላስደስታት ነው፣ እንዳታውቅ› ብሎ አስምሎን እኮ ነው። የጃንጥላዋን ገጽማ ሐሙስ ሐሙስ እያነበብን ስንስቅ ነው የከረምነው።»

«አልተቀየምኩም፣ ጋሼ» አለች። በእሳቸውማ ምን ትቀየማለች? ያወቁት ነገር የለም።

ምላጩ የመጣው መጨረሻ ላይ ነው። የተቀባው ዱቄት በላብ ተዥጎርጉሮ፣ በየደረሰበት እየታቀፈ፣ ትከሻው እየተመታ። አጠገቧ ሲደርስ ቀስ አለ። ፊቷን ሰረቅ አድርጎ አየ።

«ሰማሽው አይደል ሳቁን?» አላት። «እንዲህ ያለ ሳቅ ሰምቼ አላውቅም። ተቆጣሽ እንዴ? አትቆጪ በናትሽ። እንዴት ብዬ ላውጣው፣ ከድርሰቱ ሁሉ የሚያስቀው እሱ ነው። ደግሞ ማን ምን አወቀ? ሰው የሚያውቀው አይጧን ነው።»

ጸሐፊዋ ወረቀቶቿን አስተካክላ በስቴፕለር የተያዘውን ጥግ እየዳበሰች ቆየች።

«ጥሩ ተጫወቱ» አለች።

«እነማን?» አለ ምላጩ፣ ዞር ብሎ ነርሷንና ሌሎቹን እያየ።

«እርስዎ።»

ሳቀ። ጨዋታ መሰለው፤ ቀጣዩን ቃል ከአፏ እየጠበቀ፣ እንደ ልማዱ ሊነጥቃት ተዘጋጅቶ ቆመ። ምንም አልመጣም። ሳቁ ቀስ በቀስ አለቀበት።

ጸሐፊዋ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አደረገች። በእሷና በበሩ መሐል የቆመው እሱ ነበር።

«እባክዎ ያሳልፉኝ» አለችው።

ምላጩም፣ ምን እንደሚያደርግ ሳያውቅ፣ ለማያውቃት ሴት መንገድ እንደሚለቅ ሰው ጥግ ይዞ አሳለፋት።